በልክ የሄደን ያስቀረ ደንብ

ግንቦት 9 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር፤ አዛውንቱ ያን ጊዜ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ከመጽሐፍ ላይ የለቀሙትን የኔትወርክ ሙያ ይዘው፣ በሕንጻው ምድር ቤት የነዋሪዎቹን የጋራ የኢንተርኔት ራውተር ይጠብቁ ነበር። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስልካቸው ጮኸ።

— ሄሎ... አቤት ልጄ... ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ ትሰሚኛለሽ?

አዋላጇ ልጃቸው ነበረች፣ ከሦስተኛ ፎቅ። የመመረቂያ ጥናቷን በቪዲዮ የምታቀርበው አራት ሰዓት ላይ ነው። ፈታኞቿ መስመሩን ሲሞክሩ ግን ምስሏ ደርቆ፣ ድምጿ ተቆራርጦ ስላስቸገራቸው፣ በሰዓቱ ካልተስተካከለ ለከርሞ እንደሚያስተላልፏት ነግረዋታል።

— ትናንት ከሰዓት እኮ ላንቺው ብዬ የራውተሩ ዘበኛ ላይ፣ ፋየርዎሉ ላይ፣ ደንብ ጻፍኩ... ሁለተኛ ፎቅ ያለው ፎቶ አንሺ መስመሩን እንዳይውጠው ነዋ። ለእያንዳንዱ ሰው በሴኮንድ ሁለት መቶ ፓኬት፣ ያው የዳታ ጥቅል፣ ብዬ ወሰንኩ... ከዚያ ያለፈው «ስግብግብ» የሚል ምልክት ይለጠፍበትና ኋላ ይሰለፍ አልኩ... ምን? ደረጃ ላይ አግኝቶሽ «አባትሽን አመስግኚልኝ፣ ፈጠነልኝ» አለሽ?

ልጅቱ ራውተሩን አጥፍተው እንዲያበሩት ለመነች። እርሳቸው ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለው፣ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ።

— አንቺ ሴትዮ፣ ያን ሰማያዊ መጽሐፍ አቀብይኝ... ለእናትሽ ነው የምለው። ቆይ... ቆይ እስቲ...

ምልክት ከተለጠፈባቸው መካከል የልጃቸው ኮምፒውተር አንደኛ ተቀምጧል። አዛውንቱ ገጹን ገልጠው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

— ልጄ፣ አገኘሁት... ይኼ ደንብ የሚይዘው እስከ ሁለት መቶ ያለውን ነው። እኔ ከዚያ በላይ ያለውን የሚይዝ መስሎኝ!... አዎ፣ በልኩ የሄደውን አስሮ ያለፈውን ለቀቀ። ሌባውን አሳልፎ ባለቤቱን የሚያስር ዘበኛ... እንግዲህ ስግብግብ የተባልሽው አንቺ ነሽ... ሳቂ፣ ሳቂ፣ ይገባኛል።

ለአራት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ቀርቷል። ባለቤታቸው ከኋላቸው ቆመው ደቂቃውን ይጠራሉ።

— ደንቡን አልነካውም፣ ሰልፉን ብቻ ልገልብጠው... ምልክት ያለው ይቅደም፣ የሌለው ይጠብቅ። ስሙንም «ጨዋ» አልኩት... አስቀመጥኩ። አሁን እዪ... ምን አሉሽ?... ሄሎ?... ልጄ?

ልጅቱ ስልኩን ሳትዘጋ ጠረጴዛ ላይ ትታዋለች። ከሩቅ አንድ የማያውቁት ሰው ጥርት ብላ እንደምትታይ ነግሯት እንድትጀምር ሲጋብዛት ሰሙ፤ ከዚያ የልጃቸው ድምፅ፣ ሳይቆራረጥ፣ ስለ እናቶችና ስለ ሕፃናት መናገር ያዘ። ባለቤታቸውም ጆሯቸውን ከስልኩ አስጠጉ።

— ዝም በይ... ጀምራለች።

ሦስት ዓረፍተ ነገር ያህል አዳመጡና የሰው ፈተና መስማት ነውር መስሏቸው፣ ጩኸት እንዳያሰማ የፈሩ ያህል በቀስታ ዘጉት።

የደንቡ ቁጥር ሁለት መቶ ይሁን ሁለት መቶ ሃምሳ ዛሬ በትክክል አይታወስም፤ በዚህም ሆነ በሌላው የተዛባ ነገር ያገኘ አንባቢ ቢያርመው ምስጋናው ትልቅ ነው።