ቁንዝላ የተጀመረ ሠርግ

ከሕይወት ጋር ልንጋባ ስንሰናዳ ፋሲሎ ሰፈር ወዳለ አንድ ፎቶ ቤት ሄድን። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ራቢያ የምትባል የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት። ፓኬጆቹን ስታሳየን እኔ ወዲያው ትልቁን መረጥሁ፤ ጣና ላይ በጀልባ፣ ከላይ ደግሞ በድሮን የሚቀረጸውን። ሕይወት ግን የቀረበላትን የፎቶ አልበም ሳትገልጥ አቀረቀረች። ራቢያ አልበሙን ዘጋችና «እህቴ፣ እንዲገኝልሽ ፈልገሽ ሠርግሽ ላይ የማይመጣ ሰው አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። የሕይወት ዓይን እንባ ሞላ። «አባቴ» አለች። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ጣና ማዶ ቁንዝላ ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። «እንግዲያ ድሮኑን ተዉት፤ በሱ ፈንታ ከሠርጉ በፊት ቁንዝላ እንሂድ» አለች ራቢያ። እንዲህ ያለ ፓኬጅ አልነበራትም፤ እዚያው ፈጠረችልን።

ቁንዝላ ደርሰን መሪጌታ ካሜራውን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «በዚህ መልኬ አታንሽኝ፣ ልጄ።» እኔ ደነገጥሁ። ራቢያ ግን ካሜራውን ወደ ቦርሳው መለሰችና «ይሁን አባባ፤ ልጅዎን በቬሎ ሳያዩ ግን አይቅሩ» አለቻቸው። ሕይወት ለብሳ ከጓዳ ስትወጣ ዞረው አዩዋት። ከዚያም «ደግፉኝ፤ ጥምጥሜንም አምጡልኝ» አሉ። ተነሥተው ከተቀመጡ በኋላ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑና ራቢያን «በይ አሁን አንሺ» አሏት።

ፎቶው ዛሬ አልጋቸው አጠገብ ተሰቅሏል። ጠያቂ መጥቶ «ሠርጉ አመለጠዎት» ሲላቸው ይቆጣሉ።

«ማንን አመለጠው? የልጄ ሠርግ እኮ እዚህ ቤት ነው የተጀመረ!»