የምሰሶው ጉልበት

«እንደምን ዋልሽ ልጄ? ዛሬ ክፍሉ እንዴት ደስ ይላል! መስኮቱን ወለል አድርገሽ ከፈትሽውና ያቺን የቅባት ሽታ አባረርሽልን። ፀጉርሽንም አሳጥረሽዋል መሰለኝ… ማን ቆረጠሽ? ግድ የለም፣ አልቀየምም። ከኋላ ትንሽ አዛብተውታል እንጂ ያምርብሻል።»

ፀጉር ሠሪዋ ይህን ስትል በጀርባዋ ተንጋላ፣ ከቀኝ ጉልበቷ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ገብቶላት ነበር። ፎጣውን በጉልበቷ ወደ ታች መጫን፣ ትንሽ ማቆየት፣ መልቀቅ፤ የዛሬ ሥራዋ ይኸው ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ገና ልጅ እግር ናት። አልጋው ዳር ቆማ፣ የጭኗ ጡንቻ መጠንከሩን በሁለት ጣቷ እየዳሰሰች ትከታተላታለች።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋ አለ፤ በመሃላቸው ወለሉን የማይነካ አረንጓዴ መጋረጃ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ግድግዳውን የሞላ መስታወት። ፀጉር ሠሪ መስታወት ካገኘች ቤቷ ገባች ማለት ነው። ይህቺኛዋ ዕድሜዋን በሙሉ አንዷን እያበጠረች ሌላዋን በመስታወት ስታይ፣ ለአንዷ እየነገረች ሌላዋን ስታሰማ ኖራለች። አሁንም ዓይኗ መስታወቱ ላይ ነው። ከመጋረጃው ሥር፣ ከወዲያኛው አልጋ ግርጌ፣ ቡናማ የወንድ ጫማ ይታያታል። ታውቀዋለች። ወንድሟ ለኃላፊነት የተሾመ ጊዜ ራሷ መርጣ፣ ራሷ አስጠቅልላ የሰጠችው ነው።

ከጫማው በፊት ደግሞ ድምፁን ሰምታለች። በር ላይ ተራዋን ስትጠብቅ ባለሙያዋ ከመጋረጃው ወዲያ፣ «ጎበዝ! ቁጢጥ ብለው ተነሡ፣ አላመመዎትም አይደል? እንግዲህ ጨርሰዋል። ከእንግዲህ ደረጃም ሸክምም አይፍሩ፤ ትንሽ አረፍ ይበሉና ይሂዱ» ስትል ሰማች። የመለሰላት ሳቅ የወንድሟ ሳቅ ነበር። ያው ወንድሟ ጠዋት ደውሎ፣ «ጉልበቴ ቆልፎ ይዞኛል እህት ዓለም፤ መታጠፍ እንኳ እምቢ ብሏል። ነገ እማዬን ማውረድ አልችልም» ብሏታል።

እናታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። እግሯ ከከዳት፣ የሕንፃውም ሊፍት ከሞተ ቆይቷል። ነገ ጠዋት የዓይኗ ሞራ የሚነሣበት ቀጠሮ ነው፤ ያለፈው ቀጠሮ በዚሁ በወንድ ልጇ ጉልበት ምክንያት ተላልፏል። እሷን ማውረጃው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ወንበር ላይ ታስቀምጧታላችሁ፤ አንድ ሰው ከኋላ መደገፊያውን፣ አንድ ሰው ከፊት የወንበሩን እግሮች ይይዝና ደረጃ በደረጃ ይወርዳሉ። ከኋላ የሕንፃው ጥበቃ አለ። ከፊት የምትይዘው ፀጉር ሠሪዋ ነበረች፣ ባለሙያዋ ሸክም እስክትከለክላት ድረስ።

ባለሙያዋ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን አታውቅም። ከመጋረጃው ወዲያ ግን ፀጥ ብሏል፤ የተኛ ሰው ፀጥታ ሳይሆን ድምፅ የለየ ሰው ፀጥታ።

«እኔ የምልሽ… ይሄን የኔን በሽታ ምን ነበር ያልሽኝ? በሁለቱ አጥንት መሃል ያለችው ትራስ ከዕድሜ ጋር ሳስታ፣ ጠርዟ እየተተለተለ… አዎ፣ ልክ እንደ አሮጌ አንሶላ። ለዚህ ነዋ ስነሣ ቀጭ፣ ስቀመጥ ቋ የምትለው። ደረጃ ስወርድማ በመርፌ የወጉኝ ያህል ነው። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፣ ‹ቢላዋ አያስፈልግዎትም፣ ጡንቻዎን ያጠንክሩ› አለኝ። ደግሞ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ቢታይ ስንቱ ላይ ይሄው መተልተል ይገኛል፤ ብዙዎቹን ምንም አያማቸውም።› አይገርምም? ትራሱ ተቀድዶ የማያመው አለ ማለት ነው። እንግዲህ ሳያመው የሚያነክስ ቢኖር… ምኑ ይገርማል?

«አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስሙ ምን ያደርግልሻል፣ ሰው ነው። ያመመው እንደኔው ጉልበቱን ነው፣ ያየውም ያው ሐኪም ነው። ግን የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ? ጉልበትም እንደዚያው ነው። የኔዋ መሃይም ናት፤ ቦታ አትመርጥ፣ ሰው አትለይ፣ የትም ታሳጣኛለች። የሱ ግን የተማረ ጉልበት ነው፣ የት መታመም እንዳለበት ያውቃል። ስታዲየም ከላይኛው ወንበር ነው የሚቀመጠው። ‹ጎል!› ሲባል ታዲያ ማን ነው ብድግ የሚያደርገው? ያው ጉልበቱ ነዋ! መኪናውን የጫሩበት ቀን ባየሽው! በሁለት ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጉንጩን አስፋልት ላይ ለጥፎ ጭረቷን ሲፈልግ… ለጸሎት እንኳ እንደዚያ የተንበረከከ ሰው አላየሁም። አንድ የማውቀው ደረጃ ሥር ሲደርስ ግን… ቀጭ። ይቆልፋል። ሽቅብ ቀና ብሎ ያያል፣ ‹ሳሚልኝ› ይላል፣ ይመለሳል።»

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ፎጣውን አመለከተቻት። ፀጉር ሠሪዋ ጫነች፤ ከታዘዘችው በላይ ጫነች።

«ሐሜት እንዳይመስልሽ፣ እኔ ሐሜት አልወድም። ደግ ሰው ነው። እናት ሲወድ ደግሞ… ኧረ እንደሱ የሚወድ የለም! በስልክ ‹እማዬ፣ እማዬ› ሲል ብትሰሚው እንባሽ ይመጣል። ‹ምሰሶዬ› ነው የምትለው፤ አንድ ወንድ ልጇ ነዋ። እውነቷንም ነው፣ ምሰሶ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ሞኟ እኔ ነኝ እንጂ፣ ምሰሶ በእግሩ መጥቶ ወንበር ያነሣል ብዬ በር በሩን የማየው።

«ዘመድ የተሰበሰበ ቀን ያደረገውን ልንገርሽ? ሐኪም ቤት የተነሣውን የጉልበቱን ፎቶ መስኮቱ ላይ ይዞ፣ በእስክሪብቶ እያሳየ አስረዳን። አስተማሪ ቢሆን ኖሮ እላለሁ! ‹ይህቺ ነጣ ያለችው መስመር ትታያችኋለች?› አክስቶቼ ከንፈራቸውን መጠጡ። እናትየው፣ ያቺ ጥላና ሰው መለየት ያቃታት፣ ‹ውይ ልጄን! ታየችኝ፣ ታየችኝ› ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰችለት። እንግዲህ አስቢው፣ ሞራ የጋረደው ዓይን የሱን ስንጥቅ ለይቶ አየ። የእናት ዓይን መድኃኒት አያስፈልገውም ይሆን እንዴ? እኔ የኔን ፎቶ ፍራሽ ሥር አስቀምጫለሁ። አልጋው ስለሚንቋቋ… ደግፎ ይዞልኛል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። እኛ ቤት ተሻሽሏል፤ ጌጡን ሁላችንም እናደርጋለን፣ ሸክሙን ከፊት የያዘ ይወቅበት። ከኋላስ ጥበቃው አለልኝ፣ የሰው ልጅ፣ በር ክፈት ተብሎ የተቀጠረ። እሱ ጉልበት የለውም? ‹እትዬ ቀስ፣ እትዬ ቀስ› እያለ ያወርድልኛል። ከፊት ያለው ላይ ነው ክብደቱ የሚያርፈው። አንቺ ደግሞ ‹ሸክም እንዳይነኩ፣ ይብስብዎታል› አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። እሺ ብያለሁ… ግን ነገን ምን ላድርጋት? እማዬ ቀሚሷን አስተኩሳ በር ላይ ሰቅላለች። ‹ፋሻው ሲነሣ ምሰሶዬን ፊቴ አቁሙልኝ› ትላለች። ‹ከስቷል መሰለኝ፣ ድምፁ ያስታውቃል፤ ያ ጉልበቱ ጨረሰው› ትላለች። አይ እናት! ለሱ እየፈራች ‹ቀጠሮው ቢቀርስ፣ ልጄ ከሚጎዳ› እስከማለት ደርሳለች። እንጃ፣ ከስቶ ይሆናል። ጫማው ግን ጥሩ ተወልውሏል።»

ባለሙያዋ ፈገግታዋን ተወች። «ጫማው» የሚለው ቃል ወዴት እንደሄደ ባይገባትም፣ «እማዬ» የምትላት የዚያ ሰውዬም እናት መሆኗ ገብቷታል።

በመስታወቱ ውስጥ አንድ ካልሲ ያጠለቀ እግር ከአልጋው ቀስ ብሎ ወረደ፤ ጫማውን ፈልጎ ገባ። ቀጥሎ ሌላው።

«አይ፣ አንቺ ሥራሽን ቀጥዪ የኔ ልጅ። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ካንጀት ከፈለጉትማ ሰበብም አይገድም። አልሸሹም፣ ዞር አሉ… ለመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ጉልበት ያለበት ሰው ከሁሉ የሚከብደው ምንድን ነው? ቁጢጥ ማለት አይደል? አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ‹ቁጢጥ ብለው ሳይደገፉ የተነሡ ቀን ወደዚህ አይመለሱም› ያልሽኝ።»

ከመጋረጃው ወዲያ ሰውየው የጫማውን ክር ለማሰር ቁጢጥ ብሏል። ወንበር ከአጠገቡ ነበር፤ ለመውጣት የቸኮለ ሰው ግን ወንበር አይታየውም። ተረከዙ ላይ እንደ ልጅ ተቀምጦ አንዱን አሰረ፤ በዚያው በተቀመጠበት ወደ ሌላው ዞረ። የመጋረጃው ጠርዝ የሚያሳየው ሁለት ጉልበትና ሁለት እጅ ብቻ ነበር። ክሩ አምልጦት ዝቅ ሲል ግን ፊቱም ወጣ፤ ቀና ብሎ መስታወቱን ሲያይ ደግሞ እህቱ እዚያ ሆና ትጠብቀዋለች። ባለሙያዋም የፀጉር ሠሪዋን ዓይን ተከትላ አየች። እጇ ፎጣው ላይ ቀረ።

ፀጉር ሠሪዋ ከመስታወቱ ዓይኗን ሳትነቅል፣ ሥራዋን ጨርሳ ልትሸኛት የፈለገቻት ደንበኛ ፊት እንደምትስቀው፣ ፈገግ አለች።

«ጎሽ! ሰው ሲድን ማየት እንዴት ደስ ይላል ልጄ። እጅሽ የተባረከ ነው። እኔማ ነገ ገና ሳይነጋጋ ወንበሩን ደጃፉ ላይ አወጣዋለሁ። ከፊት የሚይዝ ከመጣ መጣ። ካልመጣ ይቅር በይኝ እንጂ ምክርሽን አፈርሳለሁ፤ እኔው ይዤ እወርዳለሁ። እማዬም ፋሻው ሲነሣላት መጀመሪያ የምታየው ያወረዳትን ሰው ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ‹ምሰሶዬስ?› ካለች… ደግሞ እስክሪብቶ ይዞ የሚያስረዳት አይጠፋም። አሁን ዓይን ይኖራታላ።

«ለማንኛውም ምርቃት ከሰው አልነፍግም። ያን የማውቀውን ሰው እግዜር ያክብረው። እንደ እናቴ ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ቤቱንም ከፍ ያድርግለት፣ ነፋሻ፣ አራተኛ ፎቅ። ልጆቹን ይባርክለት፤ መልካቸውም ጠባያቸውም ቁርጥ አባታቸውን ይሁን፣ በስልክ ሲጠሩት አንጀት የሚበሉ። ደግሞ አርጅቶ ደረጃው አልወርድ ያለው ቀን… ለእያንዳንዳቸው የሱን ጉልበት ይስጥልኝ። አሜን በይ እንጂ ልጄ!»