«አለች» የሌለው ወሬ

ዝናብ ሰው አያማርጥም፤ የሚፈላለጉትንም የማይፈላለጉትንም ከአንድ ጣሪያ ሥር አጣብቆ ያቆማል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በአንድ የተዘጋ ፎቶ ቤት በረንዳ ላይ ያቆማቸው ሁለት ሰዎችም ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም። አንዷ የኢንተርኔት መስመር የምትዘረጋ ወጣት ቴክኒሻን ናት። ሌላው ነፋስ ጃንጥላቸውን የገለበጠባቸው፣ ኮታቸው ግን አንድ ቁልፍ ያልተፈታ ንጹሕ ሽማግሌ ናቸው።

ልጅቷ በስስ ሹራብ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። የዝናብ ካፖርቷን አጣጥፋ በመሣሪያ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች። ካፖርት እያላት የሚበርዳት ሰው ሞኝ ናት እንዳንል፣ ካፖርቱ ቢጫ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት እዚሁ ሰፈር ካለው ትምህርት ቤት አጥር አጠገብ ሥራ ላይ ነበረች። መስመሩ በየት በየት እንደሚያልፍ ለማወቅ ምሰሶዎቹን በስልኳ ፎቶ አነሣች፤ መሰላል ላይም ወጣች። አንድ ሕፃን ከመሰላሉ ሥር አልነሣ ብሎ ቢያስቸግራት ወርዳ፣ እጁን ይዛ፣ እየጎተተች ወደ በሩ ወሰደችው። ዛሬ የቀረውን ልትጨርስ ስትመጣ ታክሲ ውስጥ ከአንዲት ተሳፋሪ ስልክ ድምፅ ወጣ። የበሰለ፣ ወፍራም፣ ሲሰሙት አባት አባት የሚል የወንድ ድምፅ ነው።

«ቢጫ ካፖርት የለበሰች፣ ጥቁር ቦርሳ ያነገተች ሴት የትምህርት ቤቱን አጥር ፎቶ ስታነሣ ነበር። ሕፃን እጁን ይዛ ስትጎትት በዓይኔ አይቻታለሁ!»

ተሳፋሪው በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። አንዱ ከኋላ ወንበር፣ «እሷን ለፖሊስ የሚሰጥ የለም፤ እኛው ነን የምንጨርሳት» አለ። ልጅቷ ወራጅ ብላ ወረደች፤ ከሰው ፊት ዞር ብላም ካፖርቷን አወለቀች። አለቃዋ ጋ ደውላ መኪና ላክልኝ ብትለው፣ «መኪናው ሌላ ሰፈር ነው፤ እዚያው ጠብቂ» አላት። እሱ ምን ቸገረው! ከመንገዱ ማዶ ባለ ጎማ ጥገና ቤት በር ላይ ጎረምሶች አንዲት ስልክ ከበው ያን ድምፅ ደጋግመው ያዳምጣሉ። ሴት ባለፈች ቁጥር ቀና ይላሉ፤ ካዩዋት በኋላ ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። የምትሄድበት መንገድ ደግሞ በፊታቸው የሚያልፈው ብቻ ነው።

«በዚህ ብርድ በሹራብ! የኔ ልጅ፣ እናትሽ ብታይሽ ምን ትል ነበር?» አሉ ሽማግሌው።

ልጅቷ ክው አለች። ድምፁ! ታክሲ ውስጥ የሰማችው ድምፅ ራሱ ከጎኗ ቆሞ ስለ ጤንነቷ ይጨነቃል። ግድግዳውን ተደገፈች።

«እርስዎ... ድምፅዎን የማውቀው መሰለኝ፣ አባባ።»

«የማያውቀው አለ?» አሉ ኮታቸውን እያስተካከሉ። «መረዋ ይሉኛል። ዕድሜዬን በአውቶቡስ ጣቢያው ድምፅ ማጉያ ስናገር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሰው ሰዓቱን ከግድግዳው አያይም ነበር፤ እኔን ሰምቶ ነው የሚሳፈር። አንድም ቀን መንገደኛ አሳስቼ አላውቅም። አሁን ደግሞ ለሰፈሩ ግሩፕ የሚመጣውን ሁሉ በድምፅ አነብላቸዋለሁ። ግማሹ ፊደሉ ደቀቀብኝ ይላል፤ ግማሹ ማንበብ ይሰለቸዋል።»

ሰው አሳዳጁን ሲያገኝ ወይ ይሮጣል ወይ ያወራዋል። የሚሮጥበት የሌለው ማውራት ነው ያለው። ልጅቷም እንደ ምንም ድምፅዋን አረጋጋች።

«ታዲያ ኢንተርኔት ይወዳሉ ማለት ነው?»

«እኔ? ቢዘጋ ደስታዬ ነው!» አሉ መረዋ ቆጣ ብለው። «ወጣቱ ለስልክ ሲደንስ ይውላል፤ የማያውቀው ሰው ካልወደደለት ያለቅሳል። አሁንማ የሰውን ድምፅ አስመስሎ የሚናገር ማሽን መጣ ይላሉ። የኔን ድምፅ ማሽን ሲናገርበት ይታይሽ! መንግሥት አንዴ ቢዘጋው ሁላችንም እንተኛ ነበር።»

«ቢዘጋማ የበሽተኛ ምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪ ሐኪሙ ጋ አይደርስም፤ ተማሪው መጽሐፍ አያገኝም፤ እኔም ሥራ ፈት እሆናለሁ። ደግሞ አባባ፣ ሲዘጋ ወሬ አይቆምም፤ የሚያጣራው ነው የሚጠፋው። ይልቅ እርስዎ ራስዎ ቀኑን ሙሉ ሲልኩበት ይውሉ የለም እንዴ?»

«እኔማ ለጥንቃቄ ነው!»

ይህቺ «ለጥንቃቄ» የምትባል ቃል ስንቱን ጉድ ተሸክማለች! የቤቱን በር ሳይቆልፍ የሚያድር ሰው ሁሉ ለሰፈሩ ለጥንቃቄ ወሬ ይልካል።

«አዲስ ሕግ ሊወጣ ነው ይባላል» አለች ልጅቷ ዓይኗን ከማዶ ሳትነቅል። «ሐሰት ያሰራጨ ሊቀጣ ነው አሉ። አይፈሩም?»

«ምን አስፈራኝ? የጻፈው ሌላ፣ ያነበብኩት እኔ። ከራሴ አንዲት ቃል ጨምሬ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ስለዚያች ሕፃን ስለምትሰርቀው ሴት ሳነብም ያለውን ነው ያልኩት።»

«እስቲ ያሰሙኝ።»

መረዋ ስልካቸውን አውጥተው በኩራት ከፈቱት። ድምፁ እንደ ታክሲው መጣ፤ ካፖርቱ፣ ቦርሳው፣ አጥሩ፣ የሕፃኑ እጅ። «...በዓይኔ አይቻታለሁ» ካለ በኋላ ግን አላቆመም። «...ብላለች አንዲት እናት። እኔ እንደ ደረሰኝ ነው ያነበብኩላችሁ» ብሎ ጨረሰ።

ልጅቷ ይህን ጭራ ገና አሁን መስማቷ ነው። «እኔ የሰማሁት እኮ "አይቻታለሁ" ላይ ያልቃል!» አለች።

«አይሆንም። ማን ይቆርጠዋል?»

መልሱ ከማዶ መጣ። ጎማ ጥገናው ቤት አንዱ ስልኩን ከትልቅ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶት ኖሮ መንገዱ በመረዋ ድምፅ ተሞላ፤ «...በዓይኔ አይቻታለሁ!» ከዚያ ዝም። አንድ ጎረምሳ የጎማ መፍቻ ብረቱን ከፍ አድርጎ፣ «ጋሼ መረዋ ካዩ አለቀ! እሳቸው ተሳስተው ያውቃሉ?» ሲል ተሰማ።

የሽማግሌው ፊት ዓመድ መሰለ።

«አባባ፣ በኛ ቋንቋ ተናጋሪው የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው» አለች ልጅቷ ዝግ ብላ። «የሰውን ቃል እንዳለ "እኔ፣ እኔ" እያልን እንናገርለትና፣ ሲያበቃ "አለ" ወይም "አለች" ብለን ለባለቤቱ እንመልስለታለን። "አለች" ስትቆረጥ ዕቃው እርስዎ እጅ ላይ ቀረ። አሁን ያዩት እርስዎ ነዎት። ለዚህ አስመሳይ ማሽንም አላስፈለገም፤ አንድ ቸኩሎ የሚልክ ሰው በቃ።»

«ታዲያ ቆራጩ ይጠየቅ!»

«ይጠየቅ። ግን ማን ይሰማው ነበር? ሰው የሚያምነው እርስዎን ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ? ሰፈሩ "ሲሉ" የሚሰማው ከእርስዎ አፍ ነው።»

መረዋ ቶሎ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረም ይባላል። ቆይ፣ እውነት ቢሆንስ? አንድ ሕፃን ከሚጠፋ አንዲት ሴት ብትሰደብ አይሻልም?»

«ብትሰደብ ነው ያሉት?» ልጅቷ የብረቱን እጀታ ከማዶ አየችው። ድምፅዋ ተሰበረ። «እነዚያ ሊሰድቧት ይመስልዎታል?»

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ለምን እንዳደረገችው ራሷም አታውቅም። ምናልባት ፍርሃት ሲበዛ ደፋር ያደርጋል። የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተችና ቢጫውን እጅጌ በትንሹ አሳየቻቸው።

«ሴትዮዋ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው እጅጌውን አዩ፤ ጥቁሩን ቦርሳ አዩ፤ ወደ ማዶ ዞሩ። አፋቸው ተከፈተ። ያ አውቶቡስ የሚያስነሣ ድምፅ አንዴ ቢጮህ እንደሚበቃ ልጅቷ ታውቃለች። ትንፋሿን ይዛ የሳቸውን ጉሮሮ ብቻ አየች። በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

«እጁን ይዘሽ ጎተትሽው?» አሉ በሹክሹክታ።

«ጎተትኩት። ከመሰላሌ ሥር አልነሣ አለኝ፤ ከላይ መፍቻ ቢያመልጠኝ የሚያርፈው አናቱ ላይ ነው። ወስጄ ለትምህርት ቤቱ ጥበቃ ሰጠሁት። መሰላሉን የያዘልኝም ጥበቃው ነው፤ ምሰሶውን ያሳየኝም እሱ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ሄዶ ቢጠይቀው ኖሮ...» ልቅሶ ቀደማት።

መረዋ የፎቶ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። ንጹሑ ሱሪያቸው ሲረጥብም አልታወቃቸውም። «ጥበቃው ጎረቤቴ ነው» አሉ። «ጠዋት እኮ ሰላም ብዬው ነው ያለፍኩት። አፌን ቁርጥ ያድርገው! አንቺም ልጅ ነሽ፤ እናት አለሽ።»

ስልካቸውን አነሡ። «ቢጫ ካፖርት የለበሰችው ሴት ሕፃን ሰረቀች የተባለው ወሬ...» ብለው ሲጀምሩ ልጅቷ እጃቸውን ያዘች።

«አባባ፣ ይሄም ይቆረጣል! "ውሸት ነው" የሚለው አሁንም መጨረሻ ሊመጣ ነው።»

ሽማግሌው በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሐል ሳቅ አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደ ገና ጀመሩ። «ውሸት ነው! እኔ መረዋ ነኝ። ጠዋት ያነበብኩት ውሸት ነው። እኔ ምንም አላየሁም። ልጅቷ የመስመር ሠራተኛ ናት። ጥበቃውን ጠይቁ።» በየትም ቢቆረጥ ከዚህ ውስጥ ጦር የሚሆን ዓረፍተ ነገር አይወጣም። ላኩት።

ጠበቁ። ከማዶ ማንም ስልኩን ቀና አድርጎ አላየም፤ የድሮው ድምፅ እንደ ገና ተከፈተ። አዲሱን ማን ይስማ? የሚያስደነግጥ ወሬ በሩጫ ይመጣል፤ ማስተባበያው ዱላ ተመርኩዞ ነው የሚከተል። ዝናቡም አባራ፤ ተጠልሎ የነበረው ሰው ወደ መንገዱ መውጣት ጀመረ። ያን ጊዜ የልጅቷ ስልክ ጠራ። ሹፌሩ ነበር፤ «ከጎማ ጥገናው አለፍ ብዬ ቆሜያለሁ» አላት።

«ካፖርቱን ስጪኝ» አሉ መረዋ።

«ምን?»

«ስጪኝ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

ለበሱት። እጅጌው ክንዳቸው ላይ ቀረ፤ ቁልፉ አልገጥም አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቅ ነበር። ልጅቷ ከኋላቸው የካፖርቱን ጫፍ ጨብጣ ተከተለች፤ ሁለቱም መንገዱን ተሻገሩ። ጎረምሶቹ ቢጫውን ሲያዩ በአንድነት ተነሡ። ብረቱም ተነሣ።

«ክቡራን መንገደኞች!» አለ ያ ድምፅ፤ መንገዱ በሙሉ ቆመ። «ውሸት ነው! ሌባ የለም! ቢጫ ካፖርቱ ይኸው፣ እኔ ለብሼዋለሁ! የምትመቱ ከሆነ ከእኔ ጀምሩ፤ ወሬውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ይህንንም ቆርጣችሁ ላኩት!»

ብረት የያዘው ጎረምሳ አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ እጁን አየ። ብረቱን እንዴት እንደያዘው ገና ያወቀ ይመስል ቀስ ብሎ ጎማው ላይ አስቀመጠው። አንዱ ድምፅ ማጉያውን አጠፋ። ልጅቷ መኪናው ውስጥ እስክትገባ መረዋ በሩን ይዘው ቆሙ፤ ካፖርቱንም አውልቀው ሰጧት።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር ነገር ተለውጧል። ግሩፑ ውስጥ አስደንጋጭ ወሬ ሲመጣ ከመላኩ በፊት «ማን አለ? ማንን ጠየቃችሁ?» ይባላል፤ ባለቤት የሌለው ወሬ እዚያው ይቀራል። እናቶች ስለ ልጆቻቸው ሲሰጉ ለጥበቃው ይደውላሉ፤ ይህ ደግሞ ልጆቹን ከሺህ «ሼር አድርጉ» ይልቅ ጠብቋቸዋል። መስመሩ ተዘርግቶ ተማሪዎቹ ይማሩበታል። መረዋም ማንበብ አልተዉም፤ አሁን ግን «አንዲት እናት እንዲህ አለች፤ ደውዬ ጠየቅኳት» ብለው የወሬውን ባለቤት ከፊት ያስቀድማሉ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ያሉት አባቶች ስልክ አላዩም፤ የሰውን ጠባይ ግን አይተዋል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ደስ ባለን። ወራት ካለፉ በኋላ ከሩቅ ከተማ አንዲት ዘመዳቸው ለመረዋ «ለጥንቃቄ» ብላ ድምፅ ላከችላቸው። ከፈቱት። የራሳቸው ድምፅ ነው፤ «በዓይኔ አይቻታለሁ» ብሎ ያልቃል። ከሥሩ ቢጫ ልብስ የለበሰች፣ ከዚያ በፊት አይተዋት የማያውቋት ሴት ፎቶ ተለጥፏል።

መረዋ ለቴክኒሻኗ ደወሉ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ፣ «ልጄ፣ እዚያ እኔ የለሁም፤ ካፖርቱን ማን ይለብስላታል?» አሉ።



«ይላኩ፣ አባባ» አለች ልጅቷ። «"ውሸት ነው" ብለው ይጀምሩና አሁኑኑ ይላኩ።»