የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ

ደርግን ሸሽተን ናይሮቢ፣ ኢስትሊ በተቀመጥንበት ጊዜ፣ በደጃችን የሚያልፈውን አውቶቡስ መስመሩን ሊቀይሩት ነው ተባለና ነዋሪው ለስብሰባ ተጠራ። ለእኛ ሰዎች የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። ሰብሳቢው ሐሳቡን አስረድቶ፣ «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» ሲል ከኬንያውያኑ እጁን ያወጣ የለም፤ የሐበሻው እጅ ግን አንድ ሳይቀር ወጣ። ቀድመው ያወጡት ደግሞ በዚያው አውቶቡስ ሆስፒታል የሚመላለሱት እማማ ጥሩነሽ ናቸው። ንድድ አለኝና፣ «እማማ፣ በዚህ እግርዎ ሊሄዱ ነው? እዚህ እኮ መቃወም ይቻላል» አልኳቸው።

እጃቸውን ሳያወርዱ፣ «ልጄም ቀበሌ ስብሰባ ላይ መቃወም ይቻላል ብሎ ነው እጁን ያላወጣው። በማግስቱ ወሰዱት» አሉኝ። ሰብሳቢው፣ «የምትቃወሙስ?» ብሎ እንድተረጉም ወደ እኔ ዞረ። ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ።