በየሰዓቱ ይሰብስብ
ከሰባተኛ የተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አንድ ሸምገል ያሉ ነጋዴና የቢሯቸውን ኮምፒውተር የሚያስተካክልላቸው ወጣት ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ሰርቨሩ የሚመጣውን ኢሜል ጠዋት ብቻ ይሰብስብ ወይስ በየሰዓቱ?»

«እስካሁን ጠዋት ብቻ አልነበር?»

«አዎ። ሲሰበስብ የቢሮውን የስልክ መስመር ስለሚይዘው፣ ደንበኛ ደውሎ እንዳያጣን ብለው እርስዎ ነዎት ያዘዙኝ።»

«እኔ ነኝ። እህቴ ከቤሩት ‹ታምሜያለሁ፣ ደውልልኝ› ብላ የጻፈችው ከሰዓት በኋላ ነበር።»

«መቼ አዩት?»

«በማግስቱ። ስደውል አርፋለች አሉኝ።»

«ውይ! ነፍስ ይማር ጋሼ። አልሰማሁም እኮ።»

«በየሰዓቱ አድርገው።»

«ደንበኛስ?»

«ደንበኛ እግር አለው፣ ሱቃችን ድረስ ይምጣ። የጸሐፊያችንም እህት እዚያው ቤሩት ናት።»

መውረጃዬ ተክለ ሃይማኖት ስንደርስ «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።