ስለ ቢጫው ጋውን የሰጠሁት ቃል እንዲታረም

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

የምስክሩ ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የሰፈረው (በሰፈራቸውና በቀድሞ ተማሪዎቻቸው ዘንድ «ቀይ እስክሪብቶ» በመባል የሚታወቁ)
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ የኪራይ ቤት፣ ላይኛው ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ ከሆስፒታሉ በር አጠገብ ያለው ፖሊስ ጣቢያ፣ ምርመራ ክፍል
ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን፣ ከጠዋቱ 4፡20 ተጀምሮ 6፡05 ላይ ያለቀ

ከትናንት በስቲያ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን ከጠዋቱ 5፡30 ላይ በዚሁ ክፍል ቃል ሰጥቼ ነበር። በዚያ ቃሌ የቀዶ ሕክምና ወረፋ ካርዴን ከእጄ ላይ የወሰደው ቢጫ ጋውን የለበሰ ረዘም ያለ ሰው ነው ብያለሁ። ዛሬ የመጣሁት ይህ ቃል ስህተት መሆኑን ለማስመዝገብ ነው። ካርዴ አልተሰረቀም። የወሰደው ሰውም ቢጫ አልለበሰም። በእኔ ቃል ምክንያት ሁለት ሌሊት ታስሮ ያደረው የሆስፒታሉ በሽተኛ አመላላሽ ምንም ጥፋት የለበትም። ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ከመነሻው በቅደም ተከተል እናገራለሁ። መልሱን ብቻ ጽፎ መንገዱን ላላሳየ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅምና እኔም እንዲሰጠኝ አልፈልግም።

ዓይኔ መድከም የጀመረው ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ነው። መጀመሪያ የመንገድ መብራት ዙሪያውን ጭጋግ የከበበው መሰለኝ። ቀጥሎ የመኪና ታርጋ፣ ከዚያ የጋዜጣ ጽሑፍ፣ በመጨረሻም የሰው ፊት ጠፋኝ። ባለፈው ዓመት ልጄ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ በሁለቱም ዓይኖቼ ላይ የዓይን ሞራ እንዳለና በቀዶ ሕክምና እንደሚወገድ ነገረኝ። ለአንዱ ዓይን ብቻ የጠየቀው የዘጠኝ ወር ጡረታዬን ነበር። ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። የክሊኒኩን ደረጃ ስንወርድ የስፌት መኪናዋን ሸጣ እንደምታሳክመኝ ነገረችኝ። መኪናዋ ከተሸጠ ዓይኔ ቢበራም የማየው ባዶ ጠረጴዛ ነው ብዬ ከለከልኳት።

ከዚያ ወዲህ ስለ ዓይኔ በቤታችን ወሬ እንዳይነሳ አደረግኩ። የቤታችን ደረጃ 14፣ እስከ ዳቦ ቤቱ ያለው መንገድ 212 እርምጃ መሆኑን በቃሌ ይዤ እንደሚያይ ሰው እመላለስ ነበር። ሻይ ስቀዳ ግን ከብርጭቆው ውጭ እየፈሰሰ ያሳጣኝ ነበር። ልጄ ትወለውለዋለች፤ እኔም ምንም እንዳልተፈጠረ እጠጣለሁ።

ባለፈው ወር ለደም ግፊት ክትትል ወደ መንግሥት ሆስፒታሉ ሄጄ ከሁለተኛው ፎቅ ስወርድ አንድ ሰው ክንዴን ደገፍ አደረገኝ። ፊቱን ማየት አልቻልኩም፤ ድምፁ ግን ወፈር ያለና ሳቅ ሳቅ የሚል ነበር። «አባባ፣ ደረጃ ይቆጥራሉ እንዴ?» አለኝ። አልቆጥርም አልኩት። «ከንፈርዎ እኮ ዘጠነኛው ላይ ደርሷል! እናቴም ዓይኗ እስኪሠራላት እንዲሁ ትቆጥር ነበር። እሷማ ሰባት ላይ ስትደርስ እየተምታታባት ከነጭራሹ ትቀመጥ ነበር» አለ። የዓይን ክፍሉ በየወሩ ሁለተኛ ሳምንት ላይ የሞራ ቀዶ ሕክምና በዘመቻ እንደሚሠራ፣ ታካሚው የሚከፍለው ለካርድና ለጠብታ ብቻ እንደሆነ፣ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዤ ሰኞ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት መሰለፍ እንዳለብኝ የነገረኝ ይህ ሰው ነው። ዓመት ሙሉ ዘመድም ጎረቤትም ይህን አልነገረኝም። በመጨረሻ «ወረፋ የሚነግዱ አሉ። ካርድዎን ከእጅዎ የሚነጥቅ ከመጣ ግን አባባ፣ ዝም እንዳይሉ፤ ይጩኹ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ስሙን ስጠይቀው ሁሉም «አይዞህ» እንደሚሉት ነገረኝ። ለሚገፋው በሽተኛ ሁሉ አይዞህ ስለሚል የወጣለት ስም ነው።

ሰኞ ኅዳር 8 ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ከልጄ ጋር ተሰለፍኩ። ተመርምሬ 27 ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ተሰጠኝ። የሚሠራላቸው ሰዎች 30 ብቻ ስለነበሩ ከእኛ በኋላ የመጡት ወደሚቀጥለው ወር ተላለፉ። ሲመለሱ የጫማቸውን ድምፅ እሰማ ስለነበር ካርዱን ከእጄ ላይ አላወረድኩም፤ ስተኛም ይዤው ነው የተኛሁት።

ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡45 ላይ ለዓይን ልኬት ተጠርቼ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ልጄ ጠብታ ልትገዛ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄዳለች። በፊቴ የብረት አልጋ እየተንቋቋ ሲገፋ አንድ ረዘም ያለ ሰው መጥቶ ካርዱን ከእጄ ወስዶ ሄደ። የተናገረው ነገር ይኑር አይኑር በጫጫታው ምክንያት አልሰማሁም። እኔም እንደተመከርኩት ጮኽኩ። ወረፋ ሻጮችን ሲያሳድድ የከረመው የሆስፒታሉ ዘበኛ «ዛሬ ገባልኝ!» እያለ እየሮጠ መጥቶ ወደዚህ ጣቢያ አመጣኝ። የለበሰው ምን ዓይነት ቀለም ነው ተብዬ ስጠየቅ ቢጫ ነው አልኩ። እርግጠኛ መሆኔን ስጠየቅም «ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን አልናገርም» ብዬ መለስኩ። ይህ አነጋገሬ በመጀመሪያው ቃሌ ሁለተኛ ገጽ ላይ ስላለ እንዲሰረዝ አልጠይቅም፤ እንዳለ ይቆይ።

በዚያው ቀን በ9 ሰዓት ስሜ ተጠራ። ካርዴ ፋይሌ ውስጥ እንደተገኘ ነግራኝ ልጄ መልሳ በእጄ ሰጠችኝ። ፖሊስ አስመልሶልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ እንጂ እንዴት እዚያ ገባ ብዬ አልጠየቅኩም። ተማሪ ቢሆን እንዲህ ያደረገው «ማረጋገጫ የለውም» ብዬ በጎኑ እጽፍበት ነበር። በእኔ ቃል ስለታሰረው ሰው የሰማሁት ነገርም አልነበረም።

ረቡዕ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ከቀኝ ቅንድቤ በላይ ፕላስተር ለጥፈው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቡኝ። የሚሠራው ዓይን እንዳይሳሳት ነው የሚለጠፈው፤ አሠራሩ ደስ አሰኝቶኛል። ዓይኔ ስለደነዘዘ ሕመም አልተሰማኝም። ሐኪሟ እንዳልንቀሳቀስ ስለነገረችኝ በሆዴ የ17ን ማባዣ መቁጠር ጀመርኩ። 17 በ13 ላይ ስደርስ «ጨረስን፣ አባቴ» አለች። ለሁለት ዓመት ተኩል የጨለመብኝን ነገር በዚህ ጊዜ ውስጥ አወጣችው።

ዛሬ ከጠዋቱ 2፡30 ላይ በተኛሁበት ክፍል መሸፈኛው ተነሳልኝ። መጀመሪያ ያየሁት ልጄን ነው። በጆሮዋ አጠገብ ሽበት አይቼ መቼ እንደሸበተች ጠየቅኳት። «አባዬ፣ ከዚህ ሁሉ ነገር ይሄ ነው የታየህ?» ብላ እየሳቀች አለቀሰች። ቀጥሎ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ክፍሉ ስገባ ቢጫ ቀለም የተቀባ ነበር፤ አሁን ነጭ ሆኗል። አንሶላውም፣ ሸሚዜም ነጭ ናቸው። ሸሚዜ በእርጅና የወየበ መስሎኝ ልጄን በማጠቢያዋ ስወቅሳት ከርሜያለሁ።

በዚህ መካከል አንድ ረዘም ያለ ወንድ ነርስ ገብቶ ከአልጋ አልጋ እየዞረ የታካሚውን ካርድ ከእጁ እየወሰደ በፋይል ውስጥ ማስገባት ጀመረ። ከእኔም ላይ ሲወስድ የአወሳሰዱን ሁኔታ እጄ አወቀው። ጋውኑ ነጭ ነበር። ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ ገና ባልተሠራው በግራው ብቻ አየሁት፤ ጋውኑ ቢጫ ሆነ። ግራውን ጨፍኜ በቀኙ አየሁ፤ ነጭ። አንድ ጊዜ ያገኙት ውጤት በቂ ስላልሆነ አምስት ጊዜ ደጋገምኩት። በጎኔ የተኛው የጭነት መኪና ሹፌር «ቲቸር፣ ምነው? ዓይንዎ በበራ በሰዓቱ ለነርሱ ይጣቀሱ ጀመር?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞላው። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ነርሱን ማክሰኞ ካርዴን የወሰደው እሱ እንደሆነ ጠየቅኩት። «አዎ አባቴ፤ የልኬት ተራዎ እንዳያልፍ ፋይልዎ ውስጥ ላስገባው ብዬ ነው። ነግሬዎታለሁ እኮ» አለኝ። ከዚያ ከማክሰኞ ጀምሮ ድምፁን በኮሪደሩ ስላልሰማሁ አይዞህ የት እንዳለ ጠየቅኩ። ነርሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱማ ወረፋ ሸጠ ተብሎ ታስሯል። አንድ ሽማግሌ ቢጫ ጋውን የለበሰ ሰው ነው ብለው መሰከሩበት። በዚህ ፎቅ ቢጫ የሚለብሰው አመላላሹ እሱ ብቻ ነው» አለኝ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚሉት እኔን ሆኖ አገኘሁት። ሽማግሌው እኔ ነኝ አልኩት። ሐኪሟ ዓይኔን አይታ እንድወጣ እንደፈቀደችልኝ ቤት ሳልገባ ወደዚህ መጣሁ።

ከጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት ስንቅ ይዘው ቆመው ነበር። ጥቁር መነጽሬን አይተው «እርስዎም ተሠሩ? ተመስገን! ልጄ ነው የነገረዎት?» አሉኝ። ሰባት ላይ የሚምታታባቸው እናቱ መሆናቸውን በዚህ አወቅኩ። «አዎ፣ እሱ ነው የነገረኝ። ያሳሰርኩትም እኔ ነኝ» ብዬ ነገሩን በአጭሩ አስረዳኋቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ታዲያ እኔን ምን ያስረዱኛል? ልጄን ያሰርኩት እኔ ነኝ? ይግቡና ለነሱ ያስረዱ!» ብለው በሩን በእጃቸው ከፈቱልኝ።

መርማሪው ከላይ የተባለውን ሰምተው ለማረጋገጥ አንድ ነጭ ወረቀትና አንድ ቢጫ ፖስታ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በቀኝ ዓይኔ ነጩ የትኛው እንደሆነ ለየሁ። ቀኜን ሸፍነው ቦታቸውን ሲቀያይሩ በግራ ዓይኔ ሁለቱንም ቢጫ ናቸው አልኩ። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሦስቴም ያው ሆነ። ቀጥሎ ወደ ዓይን ክፍሉ ስልክ ደውለው ነርሱ ካርዱን የወሰደው ራሱ መሆኑን አረጋገጠላቸው፤ መጥቶ እንደሚፈርምም ነገራቸው።

በዚህ ጊዜ ተጠርጣሪው እንዲቀርብ ተደረገ። ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ካሰብኩት በላይ ቀጭን ነው፤ የጋውኑ ቀለም ግን በሁለቱም ዓይኖቼ ቢጫ ነው። ይቅርታ ልጠይቀው ተነሳሁ። እሱ ክንዴን እንደዚያን ቀን ደገፍ አድርጎ «አይዞዎት አባባ። ዋናው ማየትዎ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ወደ መርማሪው ዞሮ «ሁለት ቀን ያለ እኔ ዊልቸሩን ማን ገፋው ይሆን? ጎማው አንዱ ይጎትታል፤ ካላወቁበት ከግድግዳ ጋር ያጋጫል» ሲል መርማሪው ሳቁ። እኔም ያኔ ሳቅኩ።

ግራ ዓይኔ በሚቀጥለው ወር ሁለተኛ ሳምንት እንዲሠራ ቀጠሮ ተይዞልኛል። እስከዚያ ድረስ በግራ ዓይኔ ስላየሁት ቀለም ለምስክርነት እንዳልጠራ አመለክታለሁ።

ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ የማውቀውን ብቻ በመናገር ነው። የመጀመሪያው ቃሌ ተነቦልኝ፣ የምፈርምበት ቦታ ስላልታየኝ በአውራ ጣቴ ነው የፈረምኩት። ይህኛውን ግን የመርማሪውን የንባብ መነጽር ተውሼ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ራሴ አንብቤዋለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሙሉውን ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ነው። ሦስት ቦታ አሳርሜ ሌላው ሁሉ እንደተናገርኩት ትክክል ሆኖ ስላገኘሁት ፈርሜያለሁ።

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ተጠርጣሪው ከቀኑ 6፡10 ላይ ተለቆ ለእናቱ ተሰጥቷል። ምስክሩ ቤታቸው ድረስ እንዲሸኙ ቢጠየቁ ከዳቦ ቤቱ እስከ ቤታቸው ያለውን 212 እርምጃ ዛሬ ሳይቆጥሩ መሄድ እንደሚፈልጉ ገልጸዋል።

የምስክሩ ፊርማ፦ (በእጅ የተፈረመ፣ በመስመሩ ላይ)