ኮዱ ተለወጠ፣ መመሪያው ቀረ

ወደ ወልዲያ ስጓዝ ጎብዬ ላይ የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰና ሻይ ቤት ገባሁ። እዚያም ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ሲከራከሩ አገኘኋቸው። በድረዲን ገበሬዎች የጉድጓድ ውሃ በተራ የሚከፋፈሉበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከጓደኞቹ ጋር ሠርቶ፣ ማንም ኮዱን እንዲያየውና እንዲያሻሽለው በነጻ ለቆታል። ወሰንየለሽ ደግሞ በጎብዬ የመስኖ ማኅበር በዚሁ ፕሮግራም ትሠራለች።

«መምህር፣ ይዳኙን» አለችኝ። «በደንባችን ባለፈው ዙር ውሃ ያልደረሰው ሰው በሚቀጥለው ይቀድማል። መመሪያው ‹ፕሮግራሙ ራሱ ያስቀድመዋል› ስለሚል አምኜ ተውኩት። ለካ በድረዲን ኮዱን ለውጦታል፤ አሁን እኛ ስሙ ላይ ምልክት ካላደረግንበት ያ ሰው መጨረሻ ይወድቃል። የማኅበራችን አባል ወይዘሮ ሀስና ደግመው ውሃ አጡ፤ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ሽንኩርት ማሳው ላይ ደረቀ።»

«ለውጡ ኮዱ ውስጥ አለ» አለ በድረዲን። «የገባው ያነበዋል፣ ያልገባው ይደውልልኛል። በነጻ ሠርቼ መመሪያም ልጻፍ? ወላሂ ጊዜ የለኝም።»

ደሜ ፈላ። በነጻ መስጠት ደግ ነው፤ በነጻ የተሰጠ ውሸት ግን ያው ውሸት ነው።

«መመሪያ ባይኖር ኖሮ እጠይቅህ ነበር» አለች ወሰንየለሽ። «የቆየ መመሪያ አምኖ የተከተለውን ሰው ገደል ይከታል። አንተስ ብትታመም ወይም አገር ለቀህ ብትሄድ ማንን እንጠይቅ?»

«ፕሮግራሙ የሁላችን ነው፤ ለምን አላረማችሁትም?»

«በሮቢት ማኅበር በፕሮግራሙ የሚሠሩት ልጆች መመሪያውን አርመው ልከውልህ ነበር። ‹ይህ ኮድ አይደለም› ብለህ መለስክባቸው።»

በድረዲን አቀረቀረ። እኔም አላዘንኩለትም። «ይህ ትዕቢት ነው» አልኩት። «ለሌላ ሰው ያላስረዳኸው እውቀት የጋን ውስጥ መብራት ነው። ተነሥ፣ ወይዘሮ ሀስና ዘንድ እንሂድ።»

ሴትዮዋ ከደረቀው ማሳ ዳር ቆመው ሰላምታችንን ተቀበሉ። በድረዲን ማን እንደሆነ ሲነገራቸው አልተቆጡም። «ልጄ፣ ተራዬን ለማን ሰጠኸው?» ብቻ አሉት።

በድረዲን የሮቢት ልጆችን ይቅርታ ጠይቆ እርማታቸውን ያስገባው በዚያው ሳምንት ነው። መመሪያውን ያላደሰ የኮድ ለውጥ እንዳይገባም ከጓደኞቹ ጋር ደንብ አወጣ። ዛሬ የቆቦ ማኅበር ለማንም ሳይደውል፣ መመሪያውን እያነበበ ይሠራበታል፤ አዳዲስ ልጆችም ከመመሪያው ተምረው ኮዱን እያሻሻሉት ነው። ወይዘሮ ሀስና ግን ያን ዓመት ልጆቻቸውን ያበሉት ከጎረቤት በተሰጣቸው እህል ነው።